ከገመዱ በፊት

ልጆች በየግቢውና በየመንደሩ ሜዳ ገመድ እያዞሩ ሲዘሉ አይታችኋል፤ እናንተም ዘልላችሁ ይሆናል። ቦክሰኞች ትንፋሻቸውን ለማርዘምና እግራቸውን ለማቀልጠፍ ይዘሉታል፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንም ያዝዙታል። ወጪው የአንድ ገመድ ዋጋ ነው፤ ቦታውም ከአንዲት ክፍል አይበልጥም። ይሁን እንጂ ብዙዎች ዘላዮች ትንፋሻቸውን ሲያስቡ እግራቸውን ይረሱታል። ልነግራችሁ የምሻውም ስለዚሁ ስለ ተረሳው አካል ነው፤ በተለይም ጫማን አውልቆ፣ ወይም የመሬቱን ጠባይ ለእግር በሚያሳውቅ ስስ ጫማ ገመድ ለመዝለል ስለሚያስፈልገው የእግርና የቁርጭምጭሚት ጥንካሬ።

በመጀመሪያ የእግራችሁን አሠራር አስተውሉ። ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው አካል አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ 26 አጥንቶችና 33 መገጣጠሚያዎች አሉት። ውስጥ እግር እንደ ድልድይ ቅስት ጎበጥ ያለ ነው፤ ስትረግጡ በጥቂቱ ዝርግ ይላል፤ እግራችሁን ስታነሡ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከበስተኋላ ደግሞ ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዝ ጅማት አለ፤ በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ብርቱው እርሱ ነው። ገመድ የሚዘል ሰው በየዝላዩ የሚስበው ይህንኑ ጅማት ነው። በደቂቃ መቶ ጊዜ ብትዘሉ መቶ ጊዜ ይሳባል፤ የሚሸከመውም ጫና ከመላ ሰውነታችሁ ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ የዚህን ጅማት ድካም በከፊል ይቀንስለታል። ጫማው ሲወልቅ ግን ጅማቱና ትንንሾቹ የውስጥ እግር ጡንቻዎች ሥራውን ያለ ረዳት ይቀበሉታል።

አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጡንቻ ደም በብዛት ስለሚደርሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበረታል። ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት በመሆኑ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል፤ አጥንትም እንዲሁ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ ዘላዩ በሦስተኛው ሳምንት «በረታሁ» ብሎ ያምናል፤ ባቱም ይመሰክርለታል፤ ተረከዙ ግን ወሬውን ገና አልሰማም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለስንቱ ነገር ሲጠቀስ ሰምተነዋል፤ እንደ እግር የሚስማማው ጉዳይ ግን እኔ አላገኘሁለትም።

ይህን ነገር እንድመረምር ያነሣሣኝ ወለምታ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት ወራት፣ ዝናብ ያረጠበው የድንጋይ ደረጃ ስወርድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። እብጠቱ በሁለት ሳምንት ጎደለ፤ ሕመሙም ጠፋ። ይሁንና ከዚያ ወዲያ በደልዳላ መንገድ ላይ እንኳ ስሄድ ያ እግር ሳላስበው እየተጠመዘዘ ያስደነግጠኝ ጀመር። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያሉት ጅማቶች አጥንትን ከአጥንት ከማሰር ሌላ ሥራ አላቸው፤ ይኸውም እግሩ በምን አኳኋን ላይ እንዳለ ለአንጎል መንገር ነው። ሲጎዱ መልእክቱ ይዛባል። ሕመሙ ቢጠፋም እግሩ የራሱን አቋቋም በትክክል አያውቅም፤ ስለዚህም አንድ ጊዜ ወለም ያለ እግር ዳግመኛ ወለም ለማለት ቅርብ ነው። ዕረፍት ብቻውን አያድነውም፤ እንደ ሕፃን እንደገና መቆምን መማር ይኖርበታል።

ትምህርቱም ቀላል ነው። በአንድ እግር ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ቁሙ። ይህ ሲለመድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚታችሁ ወዲያና ወዲህ ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል። አትፈሩበት፤ እግሩ እየተማረ ነው። እኔ ጥርሴን በምቦርሽበት ጊዜ ስለምሠራው የቤት ሰዎች «ሽመላው» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ቀጥላችሁ ግድግዳ ይዛችሁ ተረከዛችሁን አንሡ፤ ከማንሣቱ ይልቅ ማውረዱን አዘግዩት፤ ጅማቱ ጫናውን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሸከም የሚያደርገው ይኸው ዝግታ ነውና። ወለል ላይ የተዘረጋ ጨርቅ በእግር ጣቶች እየጨበጡ መሰብሰብም ውስጥ እግርን ያነቃዋል። በአንድ እግር ብቻ ቆማችሁ ተረከዛችሁን ሃያ ጊዜ ማንሣት ሳትችሉ በባዶ እግር ገመድ አትዝለሉ እላለሁ። ይህ የራሴ ሚዛን ነው፤ ከበደ ብትሉኝም አላቃልለውም።

ባዶ እግር ሲነሣ የአበበ ቢቂላ ስም አብሮ ይነሣል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ነገር ግን ያው ሰው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ሰዓቱንም በሦስት ደቂቃ ያህል አሻሽሎ በድጋሚ አሸነፈ። ብርታቱ በእግሩ ውስጥ ስለ ነበር ጫማው አልቀማውም።

ይህን የማነሣው ባዶ እግርን እንዳታመልኩት ነው። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት ምድር፣ ለብዙ ዓመታት ያለ ጫማ የሚሠሩ ገበሬዎች እግራቸው እያበጠ የሚሠቃዩበት በሽታ አለ፤ በተለምዶ የእግር ዝሆኔ ይባላል። በሽታውን የሚያስነሣው በቆዳ የሚገባው የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በእርጥብ አፈር ውስጥም የእግርን ቆዳ በስቶ የሚገባ የአንጀት ትል ይገኛል። ጫማ ያጣ ሰው ባዶ እግርና ጫማውን አውልቆ ከጎኑ ያስቀመጠ ሰው ባዶ እግር አንድ አይደሉም። እናንተ በተጠረገ የእንጨት ወለል ወይም በምንጣፍ ላይ ዝለሉ፤ ሜዳ ላይ ከሆነ ስስ ጫማ አድርጉ።

ገመዱን መካከሉን በአንድ እግር ረግጣችሁ ወደ ላይ ስትስቡት ጫፎቹ ብብታችሁ ዘንድ ቢደርሱ ልኩ ነው። ዝላዩ ከፍ አይበል፤ ገመዱ ከሥራችሁ ለማለፍ የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይበቃዋል። ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው የእግር ክፍል እረፉ፤ ጉልበታችሁ ጥቂት ይታጠፍ፤ ተረከዛችሁም መሬቱን ለአፍታ ሳም አድርጎ ይነሣ። ሠላሳ ዝላይ፣ ዕረፍት፣ ደግሞም ሠላሳ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል፤ በማግሥቱም አትዝለሉ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ተረከዛችሁን ቢወጋችሁ ቍጥሩን በግማሽ ቀንሱ። ጣታችሁን በአጥንቱ ላይ ስትጫኑ ለይቶ የሚያም አንድ ቦታ ካገኛችሁ ግን ገመዱን ስቀሉትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ቀኝ እግር አሁንም ከግራው ይዘገያል። ግራው ተረከዙን ሠላሳ ጊዜ ሲያነሣ ቀኙ በሃያ ሁለተኛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ በቀኙ እጀምራለሁ፤ ቀኙ ያቆመበት ቍጥር የግራውም ቍጥር ይሆናል።