ጨረባ በጀፎረው ላይ

ከመስቀል በዓል በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ የደመራው አመድ ከሣሩ ላይ ገና ሳይጠፋ፣ ጉንችሬ ገባሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፎ ወልቂጤ የሚደርሰው መንገድ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ በጉብሬና በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና ሲያቀና፣ የእነሞርና ኤነር ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ይህችን ከተማ ያገኛታል፤ በዚያ መንገድ ላይ እኔ ቍልቍል ስወርድ፣ በዓሉን ከወላጆቻቸው ጋር አክብረው ወደየሥራቸው የሚመለሱት የአገሩ ልጆች፣ በየመኪናው ጣራ ላይ የቆጮ ጥቅል ጭነው፣ ሽቅብ ይተላለፉኝ ነበር።

እኔን ያመጣኝ ግን በዓሉ ሳይሆን ጨረባ የምትባለው ትንሽ ወፍ ናት፤ እርስዋን እየበረረች ሳለች በፎቶግራፍ ለማንሣት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ተመኝቼ ነበር። ተቀምጣ ማንሣቱስ አያስቸግርም፤ ማለዳ በመብራት ሽቦ ላይ ከእኅቶችዋ ጋር ተሰልፋ ላባዋን ስታበጥር ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ያገኛታል። ነገር ግን የዚህን ዐይነት ሥዕል ብዙ አከማችቼ ባየሁት ቍጥር አንድ ነገር ይጐድለኝ ነበር፤ ይህች ፍጥረት ምግብዋን ከአየር ላይ የምትለቅም፣ ውኃም ብትጠጣ ሳታርፍ የኩሬውን ፊት በመንቈርዋ ቀድዳ የምታልፍ ናትና፣ ተቀምጣ የተነሣች ጨረባ፣ ጽናጽሉን አኑሮ አፉን ዘግቶ እንደ ተሣለ መዘምር ትመስለኛለች።

ሕዝባችን ስምዋን የሚያነሣው በአብዛኛው በምሳሌ ነው፤ ሁካታ የበዛበትንና ሰሚ የታጣበትን ጉባኤ «የጨረባ ተዝካር» ይለዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት ግን ከዚህ የላቀ ስፍራ ሰጥተዋታል፤ በነቢዩ በኤርምያስ መጽሐፍ የመምጫ ጊዜያቸውን ከሚጠብቁት አዕዋፍ ጋር ተቈጥራለች። ይህም ቃል እውነት መሆኑን በመስከረም ወደ ሜዳ ወጥቶ ሽቅብ የተመለከተ ሰው ይመሰክራል፤ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ በየበረቱና በየጎተራው ተፈልፍላ ያደገችው፣ ግንባርዋና ጉሮሮዋ ቀይ፣ ጀርባዋ ጥቍር ሰማያዊ የሆነችው ጨረባ፣ ክብደትዋ 20 ግራም ያህል፣ ማለትም ከአምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ባሕሩንና በረሓውን ተሻግራ፣ የክረምቱ ዝናም ሊያባራ ሲል ከእኛ ዘንድ ትደርሳለች። በሄድሁበት ሰሞን ካየኋቸው መካከል ብዙዎቹ ጅራታቸው ገና ያልረዘመ፣ የጉሮሮአቸው ቅላት የደበዘዘ፣ የዚያው ዓመት ጫጩቶች ነበሩ፤ መንገዱን ከዚህ በፊት አይተውት አያውቁም፤ ሆኖም ደርሰዋል።

ከእነዚህ እንግዶች ሌላ የራሳችን ጨረባዎችም አሉ። አንዲቱ በሊቃውንት መዝገብ የኢትዮጵያ ጨረባ ተብላ የተጻፈች ናት፤ ይህን ስም ያወጣላት፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ የአገራችንን ድንጋይና እንስሳት የመረመረው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ሌላይቱ ጅራተ ነጭዋ ጨረባ ስትሆን፣ የምትገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ነው። እኔ የፎቶግራፍ መሣሪያዬን ተሸክሜ የምዞረውም ስለዚህ ነው፤ በስማችን የተጠሩትንና በሰማያችን የሚመላለሱትን አዕዋፍ፣ የእኛ ልጆች ከባዕድ መዝገብ ሳይሆን በገዛ ዓይናቸው እንዲያውቋቸው ከልቤ እመኛለሁ።

ጉንችሬን የመረጥሁበት ምክንያት ጀፎረ የሚባለው ጎዳናዋ ነው። ከከተማይቱ በእግር ጥቂት ወጣ ሲሉ፣ ፊትና ፊት ከተሰለፉት የሣር ክዳን ቤቶች መካከል፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሰፊ አረንጓዴ ጎዳና ይታያል፤ በቤቶቹም ጀርባ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሞ እንደ ግድግዳ ይጋርደዋል። ይህ ጎዳና የማንም ርስት ስላልሆነ የሁሉም ነው፤ ሙሽራ የሚታጀበው፣ ሙት የሚለቀሰው፣ ደመራ የሚበራው፣ ሽማግሌ ተሰይሞ የተጣላ የሚያስታርቀው፣ ከብት የሚነዳው በእርሱ ላይ ነው፤ ማረሻ ሊያገባበት ወይም አጥር ሊያጥርበት የሚነሣ ሰው ቢገኝ የአባቶች ሥርዓት ይከለክለዋል። በዚህ ጕዞዬ ግን በአንድ ሁለት ስፍራ የድንጋይ ክምርና የቆርቆሮ አጥር ወደ ጠርዙ ገፋ ብሎ ባየሁ ጊዜ ኅሊናዬ እጅግ ተጨነቀ፤ እንዲህ ያለውን ስፍራ ሰው አንድ ጊዜ ካጣው በኋላ በገንዘብ ገዝቶ ሊመልሰው አይችልምና። ለጨረባም ይህ ጎዳና ከማናቸውም ሜዳ ይልቅ ይስማማታል፤ ከብቱ አሳጥሮ የጋጠው ሣር ዝንብና ትንኝ አያጣም፣ ከላዩም ክንፍዋን የሚያሰናክል ቅርንጫፍ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ከነግህ እስከ ሠርክ ደከምሁ። ወፊቱን ከሩቅ ባየኋት ጊዜ መሣሪያውን ወደ እርስዋ አነሣለሁ፤ ሌንሱ ገና ትኩረቱን ሳያገኝ፣ እርስዋ በቀኝ ትሄዳለች ስል በግራ ታጥፋ፣ በራሴ ላይ አልፋ ከጀርባዬ ትገኛለች። ማታ ባደርሁበት ቤት በምድጃው አጠገብ ተቀምጬ የለቀምሁትን ስመለከት፣ ከ600 ከሚበልጡት ሥዕሎች የሚበዙት ባዶ ሰማይ ነበሩ፤ በቀሩት ላይ የጅራት ጫፍ፣ ወይም ጭስ የመሰለ የክንፍ ጥላ ብቻ ይታያል።

ነገሩን በስሌት ቢያዩት አያስደንቅም። ጨረባ በሰከንድ 10 ሜትር ብትበር፣ የመሣሪያው መዝጊያ ለአንድ 250ኛ ሰከንድ ያህል ቢከፈት፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ወፊቱ 4 ሳንቲ ሜትር ትጓዛለችና ዓይንዋም ላባዋም በአንድነት ይደፈርሳሉ፤ መዝጊያው ለአንድ 2000ኛ ሰከንድ ብቻ ሲከፈት ግን ጕዞዋ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ፊትዋ ጠርቶ ይወጣል፤ ክንፍዋን ለማጥራት ደግሞ ከዚያም የፈጠነ መዝጊያ ያሻል። መዝጊያው በፈጠነ መጠን ብርሃን ይጐድላል፤ ብርሃኑም የሚያምረው ፀሐይ ዝቅ ባለች ጊዜ፣ ማለትም እየሳሳ በሚሄድበት ሰዓት ነው። ኤቲየን ዡል ማሬ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ፣ በ1882 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ጠመንጃ የመሰለና በሰከንድ 12 ሥዕል የሚያነሣ መሣሪያ ሠርቶ በራሪ አዕዋፍን በእርሱ ያነጣጥር እንደ ነበር ሳስታውስ ልቤ ይጽናናል፤ በዚያ ጠመንጃ ተመትቶ የወደቀ ወፍ የለምና፣ ከአዳኝ መሣሪያ ሁሉ እርሱን የመሰለ ቡሩክ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ፣ ዐሥር ዓመት የሚሆነው፣ ያደርሁበት ቤት ባለቤት የልጅ ልጅ፣ ከብቶቹን እየነዳ ሲመጣ፣ እኔ ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ስዞር አየኝና ቆመ። «ጋሼ፣ ለምን ያባርሯቸዋል?» አለኝ። «ላሞቹ ሲመጡ እነርሱም አብረው ይመጣሉ።» ቃሉ እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ በራልኝ። ላሞቹ ሣሩን ሲረግጡት ትንኙና ዝንቡ ከሥሩ ይነሣል፤ ያን ለመልቀም ጨረባዎቹ ከከብቶቹ እግር ሥር ሳይቀር እየተሹለከለኩ ይመላለሳሉ፤ እኔ የወፊቱን መንገድ በሰማይ ስፈልግ፣ መንገድዋ ግን በምድር፣ ላሞቹ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት በሚያልፉበት መስመር ተጽፎ ኖሯል።

በማግሥቱ ከዚያ መስመር አጠገብ፣ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ሣሩ ላይ በልቤ ተኛሁ። ወፊቱን መከተሉን ትቼ ሌንሱን ከፊቴ 12 ሜትር ያህል ርቃ በምትታየው በአንዲት የተነቀለች የሣር ጕብታ ላይ አተኩሬ ጠበቅሁ። ነፋሱ ከወደ እንሰቱ ይመጣል፤ ጨረባዎቹ ወደ ነፋሱ ፊታቸውን ሲያዞሩ ጕዞአቸው ጥቂት ዘግየት እንደሚል ያን ዕለት አስተዋልሁ። ከብቶቹ መጡ። የትንፋሻቸው ሽታ፣ የሚቀጠቀጠው ሣር ድምፅ፣ የልጁም ፉጨት በአንድነት ደረሰኝ፤ ወዲያውም በመካከላቸው እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ የሚሉት ጥቋቍር ክንፎች ታዩ። አንዲቱ ከጕብታይቱ ላይ ስትደርስ ድንገት ታጠፈች፤ በታጠፈችበት ቅጽበት ጅራትዋ እንደ ማራገቢያ ተከፈተ፤ በተዘጋ ጊዜ የማይታዩት ነጫጭ ነቍጦችም በተርታ ወጡ። ጣቴ መቼ እንደ ተጫነ አላውቅም። በመስተዋቱ ላይ ስመለከት ዓይንዋ ጥርት ብላ፣ በውስጥዋም የፀሐይዋ ጨረር እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት ሆኖ አገኘሁት። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ፤ ለረጅም ጊዜም ከተኛሁበት አልተነሣሁም።

ሥዕሉ ግን እንከን ያለበት መሰለኝ። በስተግራ ካለው ጥግ አንድ የደበዘዘ ግራጫ ነገር ገብቶበታል፤ አዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ ቈርጬ ላወጣው አሰብሁ። ማታ በምድጃው ዙሪያ ቡና ሲፈላ ለባለቤቱ፣ ለሽማግሌው፣ አቅርቤ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት፤ ወፊቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የልጅ ልጃቸውንም ጠርተው «እነሆ፣ ያልኸው ደረሰ» አሉት፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደዚያ ወደ ደበዘዘው ጥግ አሳርፈው ፊታቸው በራ።

«ይህችማ የእኛዋ ዳለቻ ናት» አሉ። «ቀንድዋን አላውቀውምን፣ ልጄ?»

ሥዕሉን በትልቁ አሳትሜ፣ ከእነቀንዱ፣ ለጥምቀት ወደ ጉንችሬ በሚወርድ ሰው እጅ ላክሁላቸው።