ሳብ 17 በሁለት ጣት ላይ

ከጦር አውሮፕላኖች ሁሉ በትንሹ ተሠርታ በሪሞት ትበር ዘንድ ለአገራችን ልጅ የምትገባው የትኛዪቱ ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ወዳጅ ቢኖር፣ በፊልም የለመድናትን የእንግሊዞችን ስፒትፋየር ትቼ፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ከስዊድን ተገዝታ በንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ የከተመችውን ሳብ 17ን እመርጣለሁ። ያን አየር ኃይል ያደራጀው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ አስቀድሞ በጠላት ወረራ ዘመን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ያመላልስ የነበረ፣ በኋላም በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የተገደለ ሰው ነውና፣ ምስሏን የሚቀርጽ ሰው የእርሱንም ታሪክ ቢያውቅ አይከፋም።

እውነተኛይቱ ሳብ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 13.7 ሜትር፣ የክንፏም ስፋት 28.5 ካሬ ሜትር ስለ ነበረ፣ በዐሥር እጅ ስታንስ የክንፏ አማካይ ወርድ 21 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የስበት ማዕከሏም በዚያ ወርድ ሩብ ላይ፣ ይኸውም ከፊተኛው ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ገባ ብሎ እንዲውል ይደረጋል። (ክንፏ ወደ ጫፉ እየጠበበ ይሄዳልና ልኩ የሚወሰደው በአማካዩ ወርድ ላይ እንጂ ከገላዋ ሥር አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።) ሞተሩ፣ ሰርቮው (መሪዎቿን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) እና ባትሪው በየቦታቸው ከገቡ በኋላ ሁለቱ ሌባ ጣቶች የስበት ማዕከሉ በተለካበት ምልክት ላይ ከክንፏ ሥር ይደረጉና ቀስ ተብላ ትነሣለች፤ አፍንጫዋ ጥቂት ዘንበል ቢል መልካም፣ ጅራቷ የወረደ እንደ ሆነ ግን ፈጽሞ ለበረራ አትነሣ፤ አፍንጫዋ ሽቅብ ይሄዳል፣ ፍጥነቷ ይሞታል፣ ክንፏ ይከዳታል፣ የብዙ ወራት ድካምም በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ነገሩ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ እንደሚያንጠለጥለው ባለ ክንድ ሚዛን ነው፤ ከመካከሉ የራቀ ጥቂት፣ የቀረበውን ብዙ ያነሣል። ጅራቷ ላይ በቀለምና በኮላ የባከነ 10 ግራም፣ አፍንጫዋ አጭር በመሆኑ፣ ከፊት 20 ግራም አረር ሊያስጨምር ይችላል፤ ስለዚህ ብልህ ሠሪ አስቀድሞ ባትሪውን ወደ ፊት ይገፋል፣ አረር የሚያስገባው መላ ሲያጣ ነው። ይህም ቁጠባ በእኛ አገር እጥፍ ዋጋ አለው፤ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል፣ ቡሬም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ናቸውና፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያችው አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣትም ለማረፍም አንድ ዐሥረኛ ያህል የበዛ ፍጥነት ትሻለች። የስበት ማዕከሉ በከፍታ አይለወጥም፤ የሚቀንሰው አየሩ ለስሕተት የሚሰጠው ይቅርታ ነው።

እስከዚህ ድረስ የእጅና የቁጥር ነገር ነው። ሰማዩ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉበት የምዕራብ ጎጃም ሕዝብ አርበኞችን ፍለጋ የሚያንዣብበውን የፋሺስት አውሮፕላን አይቷል፤ በኅዳር 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሻለቃ ዊንጌት ከካርቱም በርሮ የአገሩን ልጅ ኮሎኔል ሳንድፎርድን ለማግኘት ሰከላ ሲያርፍም አውሮፕላን የተስፋ ምልክት ሆና ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በፍኖተ ሰላም ከተማ ከአየር በወረደ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። እንግዲህ በግቢዋ በርበሬ የምታሰጣ እናት ከራሷ በላይ የሞተር ድምፅ ስትሰማ፣ የልጅ መጫወቻ ነው ብሎ የሚነግራት ማን ነው?

ስለዚህ በርቀት የሚነዳ በራሪ ነገር ያለ ፈቃድ እንዳይነሣ መከልከሉ ለሙያው ወዳጆች ቢከብድም፣ እኔ በዚህ ስፍራ የምደግፈው ከሕጉ ይልቅ ስለዚያች እናት ነው። ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ በረራውን በኮምፒዩተር መለማመድ ይቻላል፤ የሚወድቀውም ምስል ብቻ ነው። ፈቃድ በተገኘ ዕለት ግን ከሞተሩ በፊት የጎረቤት ደጅ ይንኳኳ፤ ድምፁ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለሽማግሌዎቹ ይነገር፤ ልጆቹም ክንፏን በሁለት ጣት አንሥተው ራሳቸው ይመዝኗት።