ወረቀት ይዘዋል?

ነገሩ የሆነው በ2005 ዓ.ም. ነው። ለልቅሶ ወደ ጌዶ እየሄድኩ ነበር፤ ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች በአንዷ አውቶብሱ ለምሳ ቆመ። የከተማዋን ስም ልተወው፤ የማማው እሷን አይደለም። ምሳዬን በልቼ ስነሳ ቦርሳዬ የለም! የራሴ ጥቂት ብር ይሁን ግዴለም። የቢሮ ጓደኞቻችን ለሐዘንተኞቹ አዋጥተው የሰጡኝ ገንዘብም እዚያው ነበር። የሰው አደራ!

እናላችሁ፣ አውቶብሱ ጥሎኝ ሄደ፣ እኔም ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ተረኛው ሳጅን ብድግ ብለው ወንበር ሰጡኝና፣

“ወረቀት ይዘዋል?” አሉኝ።

መታወቂያ መስሎኝ “እሱም ተሰርቋል” አልኳቸው። ለካስ ቃሌን የሚጽፉበት ወረቀት ነው! ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገዝቼ መጣሁ። እስክሪብቶ እንኳን ነበራቸው።

ቃሌን በአማርኛ ሰጠሁ፣ እሳቸው በኦሮምኛ ጻፉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና አይገርምም፤ የምገርመው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን በዚያ መንገድ ስመላለስ ቁቤ ማንበብ አልተማርኩም። ሳጅኑ ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝና ፈረምኩ። ያላልኩት ተጽፎ ቢሆን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያመንኩት ፊታቸውን አይቼ ነው።

ከዚያ መኪና ጠበቅሁ። ምን መኪና አለ! “ጋሪ እንያዝ” አሉ። ሂሳቡም የእኔው። መንገድ ላይ ባለጋሪውን ስለ እናቱ ወገብ ጠየቁት፣ አንዲት ሻይ ሻጭን ስለ ልጇ ትምህርት ጠየቋት፣ የመናኸሪያዎቹን ልጆች እየቀለዱ አነጋገሯቸው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ቦርሳዬ ከአንድ ልጅ አልጋ ሥር ወጣ። አደራው እንዳለ ነው፤ የጎደለችው የኔዋ ብር ናት። ምርመራ የሚባለውን በፊልም ነበር የማውቀው፤ ለካስ የሰውን እናት ሕመም ማወቅ ኖሯል።

ልጁ 13 ዓመቱ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከበደ። የወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ ለብቻው ነው የሚያየው። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይወሰድ ይላል። ጥሩ። ግን ቀኑ ዓርብ ነው፣ ሰዓቱም ከ11 አልፏል፣ ዳኛ የለም። ጣቢያው ያለው ማረፊያ አንድ ክፍል ነው፤ ውስጡ አንድ ሰካራምና ጩቤ የመዘዘ ጎረምሳ ተቀምጠዋል።

“እዚህ ባሳድረው ሲወጣ ልጅ ሆኖ አይወጣም” አሉ ሳጅኑ። “ብለቀው ደግሞ ነገ እርስዎ ራስዎ ‘ፖሊስ ሌባ ለቀቀ’ ይላሉ። ምን ይሻላል ጌታዬ?”

እናቱ በሩ ላይ ቆማ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች።

“ለእናቱ ይስጧት” አልኩ። ሰኞ ይዛው ልትቀርብ ፈረመች። እኔም ሰኞ ልመጣ ፈረምኩ። አልመጣሁም። ሰኞ ዕለት አዲስ አበባ፣ ቢሮዬ ነበርኩ።

ጋሪው ላይ ሲያጫውቱኝ ሰንቀሌ፣ አምቦ አጠገብ ካለው የፖሊስ ማሰልጠኛ እንደወጡ ነግረውኝ ነበር። በሚያዝያ 2006፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን የተነሳ አምቦ ላይ ተቃውሞ ተቀስቅሶ የጸጥታ ኃይሎች ሲተኩሱ፣ ሰውም ሲሞት፣ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ስንት ሰው እንደሞተ መንግሥት የተናገረውና ነዋሪው የሚናገረው አልተገናኘም። ፕላኑ ራሱ በጥር 2008 ቀረ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከተኩሱ በኋላ የመጣው ነው። ተማሪዎች ከየቤታቸው ተለቅመው ታሰሩ። በመኪና ተጭኖ ከሩቅ የመጣ ሰው የማን ልጅ የት ቤት እንደሚያድር በምን ያውቃል? የሚያሳየው የአገሩ ሰው ይኖራል፤ ፖሊስም ይሁን ቀበሌ። ቦርሳዬን በ40 ደቂቃ ያስገኘው እውቀት ለዚህም ያገለግላል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን አጨብጭቤለታለሁ። ሳጅኑ ተጠይቀው ይሆን? ቢጠየቁስ ምን አሉ?

በ2007 በዚያው ሳልፍ ወረድኩና ጣቢያው ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ አንድ ወጣት ኮንስታብል ተቀምጧል። ሳጅኑን ጠየቅሁ።

“ተዛውረዋል።”

“ወዴት?”

ዝም አለ። ስለ ልጁም ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ ስሙ ጠፋኝ። ኮንስታብሉ ከሳሽ መስዬው ኖሮ ወንበር ሳበልኝና፣

“ወረቀት ይዘዋል?” አለኝ።