ሁለት ቱርቦ፣ ሁለት ወንበር

ወገኖቼ፤ በዚህ ወር በእኛ ሠፈር ከራሽንና ከጉዳይ ቀጠሮ ይልቅ ስለ አንዲት አሮጌ የጃፓን የስፖርት መኪና ብዙ ተወርቷል። ወሬው በአፍ ሲዞር እየተጣመመ ስለ ሄደ፣ ባለ ጉዳዩ እኔው ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ብዕር አንሥቻለሁ።

ነገሩን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ከዚህ ከካኩማ ወጥቶ አሜሪካ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አትላንታ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ መጋዘን ይሠራል። በስልክ «ጋሼ፣ ኒሳን 300 ዜድ ኤክስ አገኘሁ፤ የ1991 ሥሪት፣ ባለ ሁለት ቱርቦ፤ ሰውዬው 18 ሺህ ዶላር ይላል። ግዛ ካሉኝ እገዛለሁ፣ ተው ካሉኝ እተወዋለሁ» አለኝ። እኔን መጠየቁ ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት መካኒክ ስለ ነበርሁ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጁ በየወሩ ከሚልከው ገንዘብ የእናቱ የዓይን መድኃኒትና የሁለት ልጆቼ የትምህርት ወጪ ይሸፈናል። ምክር ሰጪውም እኔ፣ ተጧሪውም እኔ። «ሞተሩ የማይረባ ነው» ብዬ አንዲት ቃል ብተነፍስ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የሚያስተባብለኝም የለም። ጎረቤት ደግሞ «ተው በለው» እያለ ወጥሮ ያዘኝ። አንዱ በ18 ሺህ ዶላር እዚህ ስንት ሱቅ እንደሚከፈት ሲያሰላልኝ፣ ሌላው «አሜሪካ አሳብዶታል» አለ። ይህን እንኳ አልቀበልም። ልጁ ገና እዚህ ሳለ፣ እህል ጫኝ መኪና ተበላሽቶ ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር ከአጠገቤ አይጠፋም ነበር። ይዞት የሄደው ከዚሁ ነው።

መኪናውም ቢሆን ለዚህ አካባቢ ባዕድ አይደለም። የዜድ ዘር የሚጀምረው በ1969 ከወጣው ከዳትሰን 240 ዜድ ነው (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ያ መኪና በምሥራቅ አፍሪካ አቧራና ጭቃ ላይ በ1971 እና በ1973 የሳፋሪን ውድድር አሸንፏል። የ1973ቱን ድል ያገኘው ሼካር ሜህታ ኡጋንዳ የተወለደ ሕንዳዊ ሲሆን፣ ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያንን ሲያባርር ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኬንያ የተሰደደ ነው። ከአገሩ በወጣ በዓመቱ መሆኑ ነው! ከስዊድናዊው ሃሪ ካልስትሮም ጋር በቅጣት ነጥብ እኩል ወጥተው፣ ሳይቀጣ ረጅሙን መንገድ የተጓዘው እሱ ስለ ነበር ድሉ ለእሱ ተሰጠ። ይህን ስተርክላቸው ጎረቤቶቼ 18 ሺሁን ለጥቂት ጊዜ ረሱት።

240 ዜድ ግን ቱርቦ አልነበረውም። ቱርቦ ምን እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እነሆ። ሞተር የሚተፋው ጭስ በማርሚታ በከንቱ ከመውጣቱ በፊት አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለችው መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር አምቃ ወደ ሞተሩ ትሰድዳለች። አየር ሲበዛ የሚቃጠለው ነዳጅ ይበዛል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ይህ ባለ ስድስት ፒስቶን፣ ባለ 3 ሊትር ሞተር 300 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣው በዚህ ዘዴ ነው። ዘንጓ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ትዞራለች፤ የተንሳፈፈችውም በስስ ዘይት ላይ ነው። ነጂው ሲያከንፈው ቆይቶ ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ፣ ዘይቱ በጋለው ብረት ውስጥ ቆሞ እንደ ድስት ሥር ያርራል። ስለዚህ አሮጌ ቱርቦ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የቀድሞ ባለቤቶቹን ጠባይ ጭምር ነው። ሠላሳ ዓመት ባለፈው መኪና ላይ ስንት ጎረምሳ እንደተቀመጠበት ማን ቆጥሮ?

በዚህም ምክንያት ግዛም ተውም ሳልል የሚያየውን ነገርሁት። ስትደርስ በመጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ፤ ከሞቀ ሰውዬው አስቀድሞ አስነሥቶታልና ሌላ ቀን ተመለስ አልሁት። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ካየህ ዘይት እየበላ ነው። ቫልቮቹን የሚያዝዘው ጥርሳሙ ቺንጋ በየ60 ሺህ ማይል፣ ማለትም ወደ 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲጠጋ መለወጥ አለበት፤ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉና የተለወጠበትን ደረሰኝ በዓይንህ እይ። ደግሞም በዚያ ኮፈን ሥር እጅ ማስገቢያ ቦታ የለም፤ ቱርቦውን ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ መውረድ አለበት፣ ከዕቃው ይልቅ የእጅ ዋጋው ይጎዳል። ስለዚህ ያለህን ገንዘብ ሁሉ እንዳታወጣ፤ ወደ ሥራ የምትሄድባትን ኮሮላም እንዳትሸጥ። በመጨረሻ ስድስቱንም ካንዴላ አስፈትተህ ኮምፕሬሽን አስለካና ቁጥሮቹን ላክልኝ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የምፈልገው ስድስቱ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ነው።

እህቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ ዝም ብላ ነበር። «ስንት ሰው ይጭናል?» አለች። ሁለት ብቻ፣ አልኋት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ምን ጎደለ፤ እኔና እሱ እንበቃለን» አለች። ስለ መድኃኒቷ አላነሣችም። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎረቤቱን ማዳመጥ ተውሁ፤ ስድስቱ ቁጥሮች ደኅና ከሆኑ «ግዛ» እንደምለው ለእሷ አስቀድሜ ነገርኋት።

ቁጥሮቹ ቅዳሜ ማታ መጡ። 160፣ 158፣ 162፣ 157፣ 160፤ ስድስተኛው 118። ወይ የፒስቶኑ ቀለበት አልቋል፣ ወይ ቫልቩ ደኅና አይገጥምም። ሻጩ ቁጥሩን ሲያይ ወደ 14 ሺህ ወረደለት፤ ልጁም በዚህ ልቡ ቀለጠ። ሞተር አውርዶ፣ ቴስታታ ከፍቶ፣ እዚያ አገር በሰዓት በሚቆጠር የመካኒክ ዋጋ አሠርቶ ለመግጠም የተቀነሰው 4 ሺህ የት ሊደርስ ነው? «ተው» አልሁት። ስለው ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ቢሆንም ቃሉ የወጣው 118ን ካየሁ በኋላ ነው፤ እህቴ ምስክሬ ናት።

እሱ ግን ሐሳቡን አልተወም። ትናንት የሌላ መኪና ፎቶ ላከልኝ፤ ነጭ ነው፣ የቺንጋው ደረሰኝም አለው ይላል። ኮፈኑን ስትነካው ቀዝቃዛ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ ከፈረቃው ሲወጣ ይመልስልኛል።