ጅቡቲን ወደብ ብቻ ለምትሏት

በአገር ቤት ዜና ጅቡቲ ስትነሳ አብሮ የሚነሳው ኮንቴይነር፣ የወደብ ክፍያና የነዳጅ ቦቴ ነው። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ በባሕር ከምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል። እኔ ግን የተወለድኩት እዚህ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እናቴ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ እንጀራ እየጋገረች አሳደገችን። ከተማዬ ዕቃ ማራገፊያ ብቻ ተደርጋ ስትወራ ሲቃ ይይዘኛል። ከመቶ ዓመት በላይ ትውልድ በትውልድ ላይ የኖርንባት፣ የወለድንባት፣ የቀበርንባት ከተማ ናት። ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን አፍልታችሁ አንብቡ። ዓመቶቹን እዚህ እንደለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ጅቡቲ የጥንት ከተማ አይደለችም። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል ያዙ። ከዚያ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው በ1888 እዚህ ሰፈሩ፣ በ1896 ደግሞ የግዛታቸውን መቀመጫ ወደዚህ አዛወሩ። ገዥው ሌኦንስ ላጋርድ ነበር። ያን ጊዜ እዚህ የነበረው ከባሕር ብቅ ያለ የኮራል ድንጋይ ከፍታ ነው፤ ዛሬ ፕላቶ ደ ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓንና ማራቡ የምንላቸው ሰፈሮች በሙሌት አፈር የተያያዙት በኋላ ነው። መሐል ከተማ ያሉት ባለ ቅስት በረንዳ አሮጌ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከዚያው ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ልስኑ የተላጠበት ቦታ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ድንጋዩ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነው።

መንደሩን ከተማ ያደረገው ባቡሩ ነው። ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ፤ በ1897 ሥራው ከዚሁ ከባሕሩ ዳር ተጀመረ። ሐረር ተራራ ላይ ናትና ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከባድ ወጪ ሆነ፤ መስመሩ ቆላ ቆላውን ይዞ ሄደና በ1902 መጨረሻ አንድ ሜዳ ላይ ደረሰ። ሜዳው መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ በኋላ ድሬዳዋ ሆነ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከዳር እስከ ዳር 784 ኪሎ ሜትር። ከዚያ በፊት የሐረር ነጋዴ ግመሉን የሚነዳው ወደ ዘይላ ወደብ ነበር፤ ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ ዘይላ ገበያዋ ቀዝቅዞ ቀረች። ለአንዱ ከተማ መወለድ ሌላው እንዴት እንደሚከፍል ሳስብ ለዘይላ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

ጅቡቲና ድሬዳዋ ስለዚህ እህትማማች ናቸው፣ አንድ ሐዲድ የወለዳቸው። እኛ ቤት ውስጥ የሁለቱ ድንበር አይታወቅም ነበር። አባቴ ጣቢያዎቹን እንደ ጸሎት ደጋግሞ አስጠንቶናል፦ ሆልሆል፣ አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ድሬዳዋ። አንዱን የዘለለ ልጅ እንደገና ከባሕሩ ይጀምራል። ሰኔ ሲገባና ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አሸዋ ይዞ ሲነሳ፣ ቆርቆሮው ቤት ውስጥ መቀመጥ የማይቻል ሲሆን፣ አቅም ያለው ቤተሰብ ሁሉ ልጆቹን ወደ ድሬ ይልካል። ድሬን ሞቃት የምትሉ ሰዎች በሐምሌ ጅቡቲን አላያችሁም። ለእኛ ድሬ ደጋ ነበረች። የጅቡቲ የቧንቧ ውኃ ጨው ጨው ስለሚል፣ ድሬ ደርሰን የጠጣነው የመጀመሪያው ብርጭቆ ውኃ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

የሆልሆልን ድልድይ የተሻገረ አይረሳውም። ሸለቆው ከሥር ገደል ነው፤ ከብረት የተሠራው ድልድይ ባቡሩ ገና ዕድሜው ለጋ ሳለ የቆመ ነው። ባቡሩ ሲያዘግም እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሶማሌ ሴት ደግሞ «ቢስሚላህ» ትላለች። ተሻግረን ስናበቃ ሁለቱም አንድ ላይ ወሬ ይጀምራሉ።

የዚያ ባቡር ሴቶች ታሪክ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ሰልባጁን፣ ሽቶውን፣ የዱቄት ወተቱን፣ ሳሙናውን ይዘው የሚመላለሱት ሴቶች ናቸው። አራትና አምስት ቀሚስ ደራርበው ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት፣ የጉምሩክ ፖሊሱ፣ ፊናንስ የምንለው፣ እስኪያልፍ ድረስ ፊታቸውን ሳይቀይሩ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ተሳፋሪው በሙሉ ይተባበራል፤ የማያውቃት ሴትዮ ዕቃ በልጁ ትከሻ ላይ ተደርቦ ያልፋል። እኔም የማላውቃትን ሴት ጃኬት ለብሼ አልፌያለሁ። ሕጉን ማፍረስ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ስንት ሐኪምና መሐንዲስ በዚያ ገንዘብ እንደተማረ የሚጽፍ ቢገኝ እነዚያን ሴቶች የምናይበት ዓይን ይለወጥ ነበር።

ሰፈራችንን ልንገራችሁ። ካርቲየዎቹ ከአንድ እስከ ሰባት በቁጥር ይጠራሉ፤ ቤቶቹ ሳንቃና ቆርቆሮ ናቸው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀቡ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ መንገድ ላይ ሶማሊኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ የየመኑ ሱቅ ዓረብኛ። ጎረቤታችን አፋር ስለነበሩ እሜቴን በቋንቋቸው ሰላም ማለት ግዴታ ነው። እናቴ ሊጥ ስታቦካ ሙቀቱ አይጠብቃትም፤ ሌሊት አቡክታ ጧት ካልጋገረች ይሆመጥጥባታል። እኛ ለሆህ የሚባለውን ቂጣ ከጎረቤት እናመጣለን፣ እነሱ እንጀራ ከእኛ ይወስዳሉ። በዒድ ሐልዋ፣ በፋሲካ ዳቦ። ከሐሙዲ መስጊድ አዛን ሲሰማ እናቴ ሬዲዮዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ማንም አላዘዛትም። መስጊዱ በ1906 አንድ የየመን ነጋዴ ያሠራው ነው፤ አጠገቡ ያለው አደባባይ በፊት በፈረንሳዩ ገጣሚ በራምቦ ስም ይጠራ ነበር፣ በኋላ ለነፃነት የታገለው የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ተባለ። ቀትር ካለፈ በኋላ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ሲደርስ ደግሞ ያ ሁሉ እንቅልፋም ከተማ በአንድ ጊዜ ይነቃል፤ ጡሩምባው፣ ሩጫው፣ የሻጮቹ ጩኸት። ከዚያ በየመብራዙ፣ በየጫት መቃሚያው፣ ጸጥታ።

ፕላስ ሜኔሊክ የሚባለው አደባባይ ከነፃነት ወዲህ የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ ነው ስሙ። አሮጌዎቹ ግን እስከ ዛሬ «ሜኔሊክ እንገናኝ» ይላሉ። አንዳንድ ወገኖቼ በስሙ መለወጥ ቅር ሲላቸው ሰምቻለሁ። እኔ አይከፋኝም። ጅቡቲዎች የነፃነታቸውን ቀን በከተማቸው ልብ ላይ ቢጽፉት መብታቸው ነው። እዚህ ስንኖር የኖርነው በሰው አገር ነው፤ ፍቅራችን የባለቤትነት ጥያቄ ሊሆን አይገባም።

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከአዲስ አበባ በባቡር ወጥተው በማግሥቱ እዚህ ደረሱ። ሚያዝያ 26 ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሐይፋ ሄዱ። ይህን ሁላችሁም በትምህርት ቤት ተምራችኋል። መጽሐፉ ከመርከቡ ጋር አብሮ ይሄዳል። አያቴ የምትነግረን ግን መርከቡ ከሄደ በኋላ ስለቀረው ሕዝብ ነው። በባቡርና በእግር የመጣው ስደተኛ፣ ጌጡን የሚሸጥ፣ ቋንቋ የማያውቅ መኳንንት፣ ልጇን ለማታውቀው ቤተሰብ የሰጠች እናት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ፤ ፈረንሳይ በ1940 ስትወድቅ የጅቡቲ አስተዳደር ለቪሺ መንግሥት ታማኝ ሆኖ ስለቀረ እንግሊዞች ከተማዋን እስከ 1942 መጨረሻ ድረስ በየብስም በባሕርም ዘጉባት። አያቴ እስክትሞት ድረስ የተረፈ ዳቦ አትጥልም ነበር።

በ1966 ደ ጎል ሊጎበኙ ሲመጡ ሕዝቡ ነፃነት ይሰጠን ብሎ ወጣ። ደም ፈሰሰ። በቀጣዩ ዓመት ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ፈረንሳይ ቆየች፤ በዚያው ሰሞን ከተማዋ በእሾህ ሽቦ ታጠረች። ባራዥ ይሉታል። የጥበቃ ማማ ነበረው፣ ፈንጂ ተቀብሮበት ነበር፤ ወረቀት የሌለው ሰው እንዳይገባ ነው። ባልባላ ከዚያ ሽቦ ውጭ በቀሩ ሰዎች የተጀመረ ሰፈር ነው። ዛሬ ባልባላ ከከተማዋ ሕዝብ እጅግ ብዙውን ይዟል፤ ኢትዮጵያውያንም ኪራይ ስለሚረክስ ብዙዎቻችን ወደዚያው ሄደናል። ወጣቱ ግን ለምን እዚያ እንደተጀመረ አያውቅም።

በእኔ ዕድሜ የሆነው ትልቁ ነገር የ1991 ግንቦት ነው። ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በሺዎች ሆኖ ድንበሩን ተሻገረ። የባሕር ኃይሉ መርከቦችም ወደዚህ መጡ፤ ከባሕሩ ዳር ቆመን አይተናቸዋል። ፈረንሳዮች ጎዶሪያ ባሉት ዘመቻ መሣሪያቸውን አስፈቱ። ልጅ ነበርኩ። ትዝ የሚለኝ እግራቸው ነው፤ ያበጠ፣ የተላጠ፣ ጫማ የማይገባበት። እናቴ የዚያን ሰሞን የጋገረችውን አልሸጠችም። አንድ መቶ አለቃ ግቢያችን ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጦ «እትዬ፣ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ሰዓቱን ከእጁ ሲያወልቅ አየሁ። እናቴ ሰዓቱን መልሳ እጁ ላይ አሰረችለት። «ብላ፣ የእኔም ወንድም የት እንዳለ አላውቅም» አለችው። ያን ቀን አባቴ ሲያለቅስ የመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከእነዚያ ሰዎች ጥቂቶቹ እዚሁ ቀርተው አግብተው ወለዱ፤ ልጆቻቸው ዛሬ በፈረንሳይኛና በሶማሊኛ የሚያስቡ የጅቡቲ ጎልማሶች ናቸው።

ከ1998ቱ የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ ወደብ ጭነት በሙሉ ወደዚህ ዞረ፤ መንገዱ በከባድ መኪና ተጥለቀለቀ፣ ፒኬ 12 የሚባለው ሰፈር በኢትዮጵያ ሾፌሮች ሞላ። አሮጌው ባቡር እየተቆራረጠ በ2000ዎቹ መጨረሻ ቆመ። አዲሱ በቻይና የተሠራው ባለ ኤሌክትሪክ መስመር በ2016 አዲስ አበባ፣ በ2017 ጥር ጅቡቲ ላይ ተመረቀ። ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አመሰግናለሁ። ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ነው፤ በየመንደሩም አይቆምም። እነዚያ በየጣቢያው የፍየል ወተትና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች ኑሯቸው ከአሮጌው ባቡር ጋር ቆመ። ለዘይላ ያዘንኩትን ያህል ለእነሱም አዝናለሁ።

ሩ ዴቶፒ በሚባለው መንገድ ላይ ስላሉት መጠጥ ቤቶች በደፈናው ስም እየሰጣችሁ ለምታወሩት አንድ ነገር ልበል። የፈረንሳይ ሌጊዮን ጦር እዚህ ለዐሥርት ዓመታት ሲኖር በእነዚያ ቤቶች የሠሩት አብዛኞቹ የእኛ እህቶች ናቸው። ወሎ ላይ በ1984ቱ ድርቅ ቤተሰብ የመገቡ፣ ወንድም ያስተማሩ ከመካከላቸው አሉ። ታመው ሲተኙ የሚጠይቃቸው ጥቂት ሰው ነበር። እናቴ ትጠይቃቸው ነበር፣ እኔንም ይዛ። ዛሬ ደግሞ በየቤቱ ልብስ የሚያጥቡት፣ ጎዳና ላይ አድረው በእግር ወደ ኦቦክ የሚሄዱት ልጆች አሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። የጅቡቲ የኢትዮጵያውያን ታሪክ ሲጻፍ ከንጉሡና ከባቡሩ እኩል እነሱ ካልገቡበት ታሪኩ ጎደሎ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በቅርቡ ከአባቴ የሥራ ጓደኞች የመጨረሻዎቹን ከሚባሉት አንዱን ስለቀበርን ነው። ጋሼ በ1950ዎቹ ነበር ሐዲዱ ላይ የተቀጠሩት። የ1985ቱ የአዋሽ የባቡር አደጋ ሲደርስ፣ ከ400 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ሬሳ ለመለየት ከተላኩት መካከል ነበሩ። ሁልጊዜ «ና፣ ቁጭ ብለህ ጻፈው» ይሉኝ ነበር። ቤታቸው የተገኘው አንድ ሣጥን ነው፤ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የታተሙ ወረቀቶች፣ ፉጨት፣ ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሰዎች ፎቶ።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቻችንን እየዞርኩ በስልኬ ድምፃቸውን መቅዳት ጀምሬያለሁ። ድሬዳዋም፣ አዲስ አበባም፣ ፈረንሳይም፣ ካናዳም ያላችሁ የጅቡቲ ልጆች፣ ከቤታችሁ ያለውን አሮጌ ፎቶ ላኩልኝ፤ የፊቱን ብቻ አይደለም፣ ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ካለም አብራችሁ አንሱት። ቦታውን ካወቃችሁ ካርቲየውን፣ ካላወቃችሁ በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ሱቅ ወይም መስጊድ ንገሩኝ። በተለይ ከ1977 በፊት ባራዡ አጠገብ የተነሳ ፎቶ ያለው ሰው ካለ፣ ቀጣዩን ዓርብ ከእሱ ጋር ባወራ ደስ ይለኛል።