የእናቴ ፊት ፎቶው ላይ የት ሄደ?



ኦቬድ ሶሲያሊ ስለሆንኩ ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በፎርምና በደብዳቤ ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ካሜራ ነው።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ፎቶውን ፈለግን። የሠርግ ፎቶዎች ላይ ሁሌም ከሰው ጀርባ ነው ያለው። ለብቻው የተነሳው በ1991 አዲስ አበባ ላይ ጉዞ ስንጠብቅ ለወረቀት የተነሳው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። ስናስተልቀው ፊቱ ደበዘዘ፣ ዓይኑም የፈራ ሰው ዓይን ነው። አባቴ እኮ ሳቂታ ሰው ነበር! የልጅ ልጆቹ ግን የሚያውቁት ያንን የፈራውን ሰውዬ ነው።

ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሮ፣ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁና በሰፈራችን ማትናስ የፎቶ ሁግ ተመዘገብኩ።

መጀመሪያ ያነሳሁት እናቴን ነው። ዓርብ ከሰዓት፣ ሻባት ሳይገባ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ፎቶውን ሳሳያት ትንሽ አየችውና፣ “ነጠላዬስ አምሯል፣ እኔ ግን የታለሁ?” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፊቷ ጨለማ ሆኗል።

ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አስተማሪው ግን እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ ካሜራ የሚለካው ብርሃን ነው፣ ሰው አያውቅም። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጭ ሲበዛበት “ብርሃኑ በዛ” ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ከነጠላው ጋር የእናቴ ጠይም ፊትም አብሮ ይጨልማል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ መደመር ማዞር ነው።

ያን ቀን ብዙ አሰብኩ። የስግድ ፎቶዎቻችን ላይ የቄሶቻችን ነጭ ጥምጥም ደምቆ ፊታቸው የማይታየው ለካ ለዚህ ነው! ስንቶቻችሁ ናችሁ “እኔ ፎቶ አያምርብኝም” የምትሉት? ጥፋቱ የፊታችሁ አይደለም፣ የአነሳሱ ነው።

ለዚህ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም። በብዙ ስልኮች ላይ ከማንሳታችሁ በፊት የሰውየውን ፊት በጣት ንኩ፤ የፀሐይ ምልክት ሲመጣ ፊቱ እስኪፈካ ወደ ላይ ሳቡት። ሰውየው መስኮቱን ከጀርባው አያድርገው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙር።

እናቴን በሚቀጥለው ዓርብ እንደገና አነሳኋት። ፎቶውን ብዙ ቆይታ አየችውና፣ “ይህን አሳጥብልኝ። ስሞት ይህን ታስቀምጣላችሁ” አለችኝ። ደንግጬ ዝም አልኩ። ድንጋጤዬን አይታ ሳቀች፤ እኔም ቶሎ ብዬ አነሳኋት። አሁን ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ያለው ያ ሳቋ ነው።

እባካችሁ፣ ልጆቻችሁ “ፎቶ እናንሳችሁ” ሲሉ “ተወኝ” አትበሉ። እናንተም ልጆች፣ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ስለዚህ ፎቶውን አሳጥቡት። ከጀርባው ስማቸውንና የተወለዱበትን መንደር ጻፉበት። እኛ ለአባታችን ይህን ሳናደርግ ቀረን።

የእስራኤል አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።