አንቀጽ 14ን ሳታስተካክይ አትፈርሚ

እህትዓለም፣

የላክሽልኝን የሆቴሉን የደንብ ልብስ አቅርቦት ውል ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ዋጋው ጥሩ ነው፤ የርክክብ ጊዜውም አያስጨንቅም። እንቅልፍ የነሳኝ አንቀጽ 14 ነው፦ «ገዥው ከአቅራቢው እፈልገዋለሁ የሚለውን ማናቸውንም ገንዘብ፣ ከማናቸውም ክፍያ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀንሶ ማስቀረት ይችላል።»

ዕዳን ማቻቻል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሆቴሉ 800,000 ብር ሊከፍልሽ ይገባዋል እንበል፤ አንቺም እነሱ ካስመጡት ጨርቅ የ200,000 ብር በዱቤ ወስደሻል። 600,000 ብር ሰጥተውሽ ሁለቱም ሂሳብ ቢዘጋ ለሁላችሁም ይበጃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከቁጥር 1831 ጀምሮ ይህንኑ ፈቅዷል፤ ግን ልክ አበጅቶለታል። ዕዳው በእነዚያው በሁለቱ ወገኖች መካከል መሆን አለበት። ስለዚህ ባለሆቴሉ ሌላ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢኖረው፣ የዚያኛው ማኅበር ሂሳብ እዚህ አይገባም። ሁለቱም ዕዳ ገንዘብ ወይም ዓይነቱ አንድ የሆነ ነገር መሆን አለበት፤ መጠኑ የታወቀ፣ የመክፈያ ጊዜውም የደረሰ።

«መጠኑ የታወቀ» የምትለው ላይ ቆም በይልኝ። የጨርቁ 200,000 ብር የፈረምሽበት ደረሰኝ አለው። የግዥ ኃላፊው ግን አንድ ቀን «ኮቶቹ ዘግይተዋል፣ የቁልፋቸው ቀለምም ናሙናውን አይመስልም፤ 150,000 ብር ከስረናል» ቢልሽ፣ ያ ገና ክርክር ነው እንጂ ዕዳ አይደለም። አንቀጽ 14 ግን «እፈልገዋለሁ የሚለውን» ስለሚል፣ ማንም ሳይፈርድ ገንዘቡን እዚያው ያስቀርለታል። ከዚያ በኋላ ከሳሿ አንቺ ነሽ፤ ዳኝነት ከፍለሽ፣ ሥራ ፈትተሽ በቀጠሮ የምትመላለሺውም አንቺው።

«ሕጉ እያለ ምን ያስፈራኛል?» እንዳትይኝ። ቁጥር 1731 እንደሚለው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው። ከፈረምሽ በኋላ «ወደሽና ፈቅደሽ የተቀበልሽው ነው» ብለው ይከራከሩሻል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የልብስ ሰፊዎችሽ ነገር ነው። ሆቴሉ ባንቺ ላይ የቀነሰውን አንቺ በእነሱ ላይ መቀነስ አትችይም፤ እንደማታስቢውም አውቃለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ላይ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቀነስን ይከለክላል። በእነዚህ ሲቀነስም በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ተገቢም ነው፤ የእነሱ የቤት ኪራይ የሆቴሉንና የአንቺን ክርክር አይጠብቅም። ስለዚህ የተያዘውን ገንዘብ ከኪስሽ ወይም ከባንክ ብድር ልትሞይው ነው ማለት ነው።

አንቀጹ ይሰረዝ ብትያቸው እሺ የሚሉ አይመስለኝም። ይልቅ በዚህ ይተካ በያቸው፦ «ማንኛውም ተዋዋይ ማቻቻል የሚችለው ከዚህ ውል የመነጨ፣ የመክፈያ ጊዜው የደረሰ፣ ሌላው ወገን በጽሑፍ ያመነው ወይም በፍርድ የተረጋገጠ ዕዳ ብቻ ነው፤ ይህንንም ከ15 ቀን በፊት ምክንያቱንና ስሌቱን ጠቅሶ በጽሑፍ ያስታውቃል።» «ማንኛውም ተዋዋይ» የሚለውን እንዳያወጡብሽ። መብቱ የአንቺም ይሁን፤ አንድ ቀን የሚዘገዩት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

የርክክብ ሰነዶቹንም አደራ። ልብሱን ባስረከብሽ ቁጥር ብዛቱና ቀኑ ተጽፎ፣ የተረካቢው ስምና ፊርማ ይኑርበት፤ አንዱ ቅጂ በእጅሽ ይቅር።

«ሁሉም አቅራቢ ፈርሞልናል» ቢሉሽ አትደንግጪ፤ አትቸኩዪ። የሚመልሱልሽን ረቂቅ ላኪልኝና አብረን እንየው። በምንም ምክንያት ብቻሽን አትፈርሚ፤ በመንፈቀ ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ